ሜችኒኮፍ፦ የእርጎው ተመራማሪ

እ.ኤ.አ. በ1845 ዛሬ ዩክሬን በምትባለው አገር የተወለደው ኤሊ ሜችኒኮፍ፣ ነጭ የደም ሕዋሳት ጀርሞችን እየዋጡ ሰውነትን እንደሚከላከሉ በማግኘቱ በ1908 ከፓውል ኤርሊኽ ጋር የኖቤል ሽልማት ተቀበለ። በፓሪሱ የፓስተር ተቋም ሲሠራም የእርጎ ባክቴሪያዎች የአንጀትን ጎጂ ጀርሞች ይገታሉ ብሎ አመነ፤ ራሱም የረጋ ወተት በየቀኑ ይጠጣ ነበር። በ1916 ቢሞትም ሐሳቡ አልሞተም። ዛሬ ተመራማሪዎች ሐሳቡን ከአንጀት ወደ አፍ አምጥተው፣ ስኳርን ወደ አሲድ እየለወጡ የሕፃናትን ጥርስ የሚቦረቡሩትን ባክቴሪያዎች ፕሮባዮቲክ በሚባሉት ጠቃሚዎች ለመግታት ይሞክራሉ። ተስፋ አለው፤ ገና ግን አልተረጋገጠም።

ታዲያ እኛ የኮልፌ ቀራኒዮ ዕጩ መምህራን ምን እናድርግ? ጥርሱን ያመመው ልጅ ፊደል አይገባውም። እርጎ ያለ ስኳር እንዲጠጡ እንምከራቸው፤ ፍሎራይድ ባለው ሳሙና ጠዋትና ማታ መቦረሽን ግን የሚተካው የለም።