አባ መሐሪ፦ በእግር ወደ ኢየሩሳሌም የተነሱት መነኩሴ

የስግድ በዓል በደረሰ ቁጥር ወገኖቻችን ከአፉላም ሆነ ከሌሎች ከተሞች በአውቶቡስ ተሳፍረው ወደ ኢየሩሳሌም ይወጣሉ። ከአፉላ መንገዱ ሁለት ሰዓት ያህል ነው። ከ160 ዓመት በፊት ግን ከጎንደር ተነስተው ወደዚችው ከተማ በእግራቸው ለመሄድ የቆረጡ አንድ አባት ነበሩ። እኚህ አባት አባ መሐሪ ይባላሉ። በቅርቡ አገር የገባችሁ ቤተሰቦች ለልጆቻችሁ እንድትነግሩላቸው ታሪካቸውን ባጭሩ እናቀርባለን።

አባ መሐሪ የቤተ እስራኤል መነኩሴ ነበሩ። ቤተ እስራኤል ከሌላው ዓለም አይሁድ የሚለዩበት አንዱ ነገር የምንኩስና ሥርዓት የነበራቸው መሆኑ ነው። መነኮሳቱ ሚስት አያገቡም፤ ከሕዝቡ ተለይተው ይኖራሉ፤ ንጽሕናቸውን ለመጠበቅም ምግባቸውን ለብቻቸው ያዘጋጃሉ። ካህናትን የሚያስተምሩ እነርሱ ስለ ነበሩ ሕዝቡ የመነኩሴን ቃል በታላቅ አክብሮት ይሰማ ነበር።

ዘመኑ ከ1855 እስከ 1868 የነገሡት የዐፄ ቴዎድሮስ ዘመን ነው (ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። በ1860 ሄንሪ አሮን ስተርን የተባለ የለንደን ሚስዮን መልእክተኛ ወደ ጎንደር አካባቢ መጣ። ሚስዮኑ ዓላማው ቤተ እስራኤልን ወደ ክርስትና መለወጥ ነበር። አንዳንዶች ሲጠመቁ ቤተሰብ ከቤተሰብ፣ ወንድም ከወንድም ተለያየ። የሃይማኖቱ ክርክር እስከ ንጉሡ ፊት ደረሰ። አባ መሐሪ ሚስዮኑን አጥብቀው ከተቃወሙት አባቶች አንዱ ነበሩ። እምነቱን ጠብቆ ለመኖር የቸገረው ሕዝብም የመዳን ቀን ቀርቧል የሚለውን ቃል በጉጉት ተቀበለ።

በ1862 አባ መሐሪ ሕዝቡን አስከትለው ተነሱ። ሰዉ ቤቱንና እርሻውን ትቶ፣ ሕፃናትንና አረጋውያንን ይዞ ወጣ። ሐሳባቸው በትግራይ በኩል ወደ ቀይ ባሕር መውረድ ነበር። ከጎንደር እስከ ኢየሩሳሌም በቀጥታ ቢለካ እንኳ ከ2,000 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። ካርታ አልነበራቸውም፤ መርከብ አልተዘጋጀላቸውም፤ በመንገድ የሚቀበላቸው ወገንም አልነበረም። ስንቃቸው በትከሻ የሚሸከሙት ያህል ብቻ ነበር። በኦሪት እንደ ተነገረው፣ ለሙሴ ባሕሩን የከፈለ አምላክ ለእነርሱም ይከፍላል ብለው ያምኑ ነበር።

ተጓዦቹ ትግራይ ውስጥ እስከ አክሱም አካባቢ እንደ ደረሱ ይነገራል። በዚያ ረሃብና በሽታ ፈጃቸው። አባ መሐሪ ውሃውን በበትራቸው ሊከፍሉ እንደ ሞከሩ ሽማግሌዎች ይተርካሉ። ባሕሩ ግን አልተከፈለም፤ ኢየሩሳሌምም አልገቡም። በየመንገዱ የቀሩት ሰዎች ስማቸው አልተጻፈም፤ ቁጥራቸውም በትክክል አልተቆጠረም። ከተረፉት አንዳንዶቹ እዚያው ትግራይ ውስጥ ተቀመጡ፤ ሌሎቹ ባዶ እጃቸውን ወደ ቀድሞ አገራቸው ተመለሱ።

በዚያው ዘመን የቤተ እስራኤል ችግር በአውሮፓ አይሁድ ዘንድ መሰማት ጀምሮ ነበር። በ1864 ረቢ ዓዝርኤል ሂልደስሃይመር ለቤተ እስራኤል እርዳታ እንዲደረግ ጥሪ አቀረቡ። ከ1867 እስከ 1868 ደግሞ ዮሴፍ ሃሌቪ የተባለው አይሁዳዊ ሊቅ ከፓሪስ ተልኮ መጥቶ ሕዝቡን በዓይኑ አየ።

ታዲያ አባ መሐሪን እንዴት እናስታውሳቸው? እዚህ ያደገ ልጅ፣ ያንን ሁሉ ሰው ያለ በቂ ስንቅ ለምን ይዘው ወጡ ብሎ ወላጆቹን ሊጠይቅ ይችላል። ጥያቄው ተገቢ ስለ ሆነ ልጁን መቆጣት አያስፈልግም። የሕዝብ መሪ ስለ ተከተለው ሰው ሕይወት ይጠየቃል፤ የሞቱትም ሕፃናት የሰው ልጆች ነበሩ። ነገር ግን ልጁ ሌላውንም ወገን ይስማ። ያ ሕዝብ እምነቱን ልቀቅ ተብሎ ሲጨነቅ ወዴት መሄድ እንዳለበት አልጠፋውም። ኢየሩሳሌምን ያላየ ሰው ኢየሩሳሌምን አገሬ ብሎ ተነሣ። ተስፋቸው ትክክል ነበር፤ መንገዱና ጊዜው ግን አልተመቻቸላቸውም።

ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ፣ በ1980ዎቹ መጀመሪያ፣ የትግራይና የወልቃይት ቤተ እስራኤል ቀድመው በእግር ወደ ሱዳን ወረዱ። በዚህኛው ጉዞም ወደ 4,000 የሚገመቱ ወገኖቻችን በመንገድና በመጠለያ አልቀዋል። መታሰቢያቸው በኢየሩሳሌም በሄርጽል ተራራ ላይ ይገኛል። ልዩነቱ በዚህ ጊዜ የእስራኤል መንግሥት አውሮፕላን ልኮ የተቀበላቸው መሆኑ ነው። በ1991 በሰሎሞን ዘመቻም ከ14,000 በላይ ሰዎች በአንድ ቀን ተኩል ገብተዋል።

ስግድ ከ2008 ጀምሮ በሕግ የታወቀ የእስራኤል በዓል ነው። ስለዚህ ወላጆች ሆይ፤ በሚቀጥለው ስግድ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ውጡ። በአውቶቡሱ ውስጥ ሁለት ሰዓት አላችሁ። ቋንቋው ቢያስቸግርም በአማርኛ ጀምሩላቸው፤ ልጆቹ የጎደለውን በዕብራይስጥ ይሞሉታል። የአባ መሐሪን መነሣትም፣ በመንገድ የቀሩትንም ሳትደብቁ ንገሯቸው።