አቡ ረይሓን አል-ቢሩኒ፦ ወሬን በሚዛን የፈተኑ ዓሊም



በዚህ እትም የምናስታውሳቸው ዓሊም አቡ ረይሓን ሙሐመድ ኢብኑ አሕመድ አል-ቢሩኒ ናቸው፤ አላህ ይዘንላቸው። ብዙዎቻችን የምናውቃቸው በሥነ ፈለክና የምድርን ስፋት በመለካት ነው። እኛ ግን በላቦራቶሪ ከምንማረው ጋር ወደሚቀራረበው ሥራቸው እንሂድ፤ ማዕድንን ለይቶ ወደ ማወቅ።

አል-ቢሩኒ በ362 ዓመተ ሂጅራ (በ973 እ.ኤ.አ.) በኸዋሪዝም፣ በካት ከተማ አካባቢ ተወለዱ። ቦታው ዛሬ ኡዝቤኪስታን ውስጥ ነው። በወጣትነታቸው ከሒሳብ ሊቁ አቡ ነስር መንሱር ተማሩ። በ1017 የገዝናው ሱልጣን ማሕሙድ ኸዋሪዝምን ሲይዝ ከሌሎች ምሁራን ጋር ወደ ገዝና ተወሰዱ። ከሀገራቸው ቢነቀሉም ዕውቀት ፍለጋቸው አልተቋረጠም፤ ሳንስክሪት ተምረው ስለ ሕንድ ትልቅ መጽሐፍ ጻፉ። ስለ ማዕድናት የጻፉት ደግሞ አል-ጀማሂር ፊ መዕሪፈቲል ጀዋሂር ይባላል፤ በስተእርጅናቸው ያዘጋጁት ሥራ ነው።

ቀይ ያቁትና ከበደኽሻን የሚመጣው ቀይ ለዕል በቀለም ይመሳሰላሉ፤ ዋጋቸው ግን አይገናኝም። ቀለም ብቻ አይቶ የሚገዛ ይታለላል፤ ሳያጣራ የሚሸጥም የሰው ሐቅ ይበላል። አል-ቢሩኒ መፍትሔውን የፈለጉት ቀለም ሊደብቀው በማይችለው ነገር ነው፤ በክብደትና በጥንካሬ።

ለዚህም አንገቱ ላይ ወደ ታች የታጠፈ ቀጭን ቱቦ ያለው፣ ጀበና ነገር የሚመስል ዕቃ ሠሩ። ዕቃው እስከ ቱቦው ድረስ ውሃ ይሞላል። አስቀድሞ የተመዘነው ድንጋይ ሲገባበት፣ ድንጋዩ የያዘውን ቦታ ያህል ውሃ በቱቦው ይፈስሳል፤ የፈሰሰውም ውሃ ይመዘናል። የድንጋዩን ክብደት ለውሃው ክብደት ስናካፍል ዛሬ አንጻራዊ እፍጋት የምንለውን ቁጥር እናገኛለን። እሳቸው ውጤታቸውን ያሰፈሩት ለብረታ ብረት ወርቅን፣ ለጌጥ ድንጋይ ያቁትን መነሻ አድርገው ነው።

በዛሬው ልኬት ወርቅ ከውሃ 19.3 እጥፍ፣ ብር 10.5 እጥፍ ይከብዳል። ያቁት 4 ገደማ፣ ለዕል 3.6 ገደማ ነው። ያቁት ለዕልን ይጭራል፤ ለዕል ግን ያቁትን አይጭርም። ሁለቱ ድንጋዮች ዓይንን ቢያታልሉም ሚዛንን አያታልሉም። የአል-ቢሩኒ ውጤቶች ለዛሬዎቹ እጅግ የቀረቡ ናቸው፤ አል-ኻዚኒም በ1121 ሚዛኑል ሒክማ በተሰኘው መጽሐፋቸው አስተላልፈዋቸዋል።

በዘመኑ እባብ ዙሙሩድ ካየ ዓይኑ ይጠፋል የሚል ወሬ በየመጽሐፉ ይዞር ነበር። አል-ቢሩኒ ወሬውን አልተቀበሉም፤ አልሳቁበትምም፤ ፈተኑት። ለእባቡ የዙሙሩድ ሐብል አደረጉለት፣ ዙሙሩድ አነጠፉለት፣ ፊት ለፊቱ አንጠለጠሉለት። በሙቀትም በብርድም ዘጠኝ ወር ያህል ሞከሩት። የእባቡ ዓይን ምንም አልሆነም። እንግዲህ ወሬው ስንት ታላላቅ ሰዎች ቢያስተላልፉትም ወሬ ሆኖ ቀረ።

አል-ቢሩኒ በ11ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ገደማ ገዝና ውስጥ አረፉ። በሞት አልጋቸው ላይ ሳሉ ሊጠይቃቸው የመጣን አንድ ፈቂህ ስለ ውርስ መስአላ እንዲያስረዳቸው እንደለመኑት ይተረካል። በዚህ ሁኔታ ላይ ሆነው ለምን እንደሚጠይቁ ቢገረም፣ ጉዳዩን ሳያውቁት ከመሞት አውቀውት መሞት እንደሚሻላቸው ነገሩት። ፈቂሁ አስረድቷቸው ሲወጣ፣ ገና መንገድ ላይ ሳለ የለቅሶ ድምፅ ሰማ።

ውድ ወንድሞችና እህቶች! መስአላንና ሚዛንን ያልነጣጠሉ ዓሊም ነበሩ። ከአምናው ሪፖርት የተቀዳ ቁጥር ትክክል ቢሆን እንኳ የእኛ ዕውቀት አይደለም። ነገ ድልድይ፣ መድኃኒትና ሒሳብ የሚጣልብን እኛ ነን፤ ለክቶ ማወቅ አማና ነው። አላህ ጠቃሚ ዕውቀት ይወፍቀን። አሚን!