ቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅ፦ በደዌ ውስጥ ያልተቋረጠ ምስጋና

ከዐሥራ አራቱ ቅዳሴያት አንዱ በስሙ የሚጠራለትን ቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅን የምናውቀው በትምህርቱ ጣዕም ነው። ያ ሁሉ ትምህርት ከታመመ ሰውነት መውጣቱን ግን ብዙ ጊዜ አናስተውልም።

ሕመሙ የጀመረው በወጣትነቱ ነው። በአንጾኪያ አቅራቢያ ወዳሉ ተራሮች ወጥቶ አራት ዓመት ከአንድ አረጋዊ መናኝ ጋር ከኖረ በኋላ፣ ሁለት ዓመት ብቻውን በዋሻ ተቀመጠ። ጎኑን ሳያሳርፍ መጻሕፍትን ሲያጠና ሆዱ ታመመ፤ ብርዱም ኩላሊቱን ጎዳው። በዚያ ራሱን ማስታመም ስላልቻለ ወደ ከተማ ተመለሰ። የወደደው በረሃውን ነበር፤ ደዌው ግን ለሕዝብ ሰጠው። እ.ኤ.አ. በ381 ዲቁና፣ በ386 ቅስና ተቀብሎ የአንጾኪያን ምእመናን አስተማረ።

በ398 የቁስጥንጥንያ ሊቀ ጳጳስ ሆኖ ሲሾም ሕመሙም አብሮት ሄደ። ብቻውን ይመገብ ስለነበር ጠላቶቹ ይህንን እንኳ ከክሶቹ አንዱ አደረጉት። ከሰው ማዕድ የሚርቅ ሕመምተኛ ምን ዓይነት ስም እንደሚወጣለት የደረሰበት ያውቀዋል።

በ404 በአርመንያ ተራሮች መካከል ወዳለችው ኩኩሱስ ተጋዘ። በስደቱ ለዲያቆናዊት ኦሎምፒያስ ከላካቸው መልእክታት ለእኛ የደረሱት በጠቅላላ 17 ናቸው። በአንዱ ክረምት የደረሰበትን ምንም ሳይሸሽግ ነግሯታል፦ ማስመለሱን፣ ራስ ምታቱን፣ ምግብ መጥላቱን፣ እንቅልፍ ማጣቱን፣ ቤቱን ዘግቶ፣ እሳት አንድዶና ልብስ ደራርቦ ከአልጋ አለመውረዱን። የጸደዩ አየር ሲመጣም መዳኑን በደስታ ጻፈላት።

እርሷም ታማ፣ በእርሱም ስደት ልቧ ተሰብሮ ነበር። ቅዱሱ ከኢዮብ መከራዎች ሁሉ የከበደው የሰውነቱ ደዌ እንደነበረ፣ የታገሠ ሕመምተኛም ታላቅ አክሊል እንዳለው አስተማራት። በዚህ ብቻ ግን አልተወሰነም። ልምድ ያላቸውን ሐኪሞች እንድትጠራ፣ መድኃኒትም እንድትወስድ አጥብቆ ለመናት፤ ራሱም የተላከለትን መድኃኒት ተጠቅሞ በሦስት ቀን እንደተሻለው ነገራት። ከእምነት የተነሣ መድኃኒታችንን የምናቋርጥ ብንኖር ይህን መልእክት ልብ ልንለው ይገባል፤ የጻፈው ለምስጋናና ለትዕግሥት ከእርሱ የሚበልጥ አስተማሪ የማይገኝለት አባት ነውና።

በ407 ወደ ባሰ ስፍራ፣ በጥቁር ባሕር ዳርቻ ወዳለችው ፒጥዩስ እንዲወሰድ ታዘዘ። ወታደሮቹ በዝናብና በፀሐይ ሳያሳርፉ ነዱት። ኮማና አጠገብ፣ የሰማዕቱ ባሲልስቆስ ቤተ ክርስቲያን ካለበት ሲደርሱ ኃይሉ አለቀ። ነጭ ልብስ ለበሰ፤ ቅዱስ ሥጋውንና ክቡር ደሙን ተቀበለ፤ ስለ ሁሉም ነገር እግዚአብሔርን አመስግኖም ዐረፈ።

በረከቱ ይደርብን፤ አሜን።