አስቴር ጋኖ፤ እንቆቅልሽን የትምህርት መሣሪያ ያደረጉ መምህርት

አንድ ሕፃን በትምህርት ቤት አግዳሚ ላይ ተቀምጦ ለመማር ሲሳነው ጉድለቱ የማን እንደሆነ ሲጠየቅ፣ የሚሰጠው መልስ ለብዙ ዘመን አንድ ዓይነት ነበር። ልጁ ሰነፍ ነው፤ ባለጌ ነው፤ ወይም አንድ ነገር ነክቶታል ይባልና ከክፍል ወጥቶ እቤት ይቀመጣል። ዛሬ ኦቲዝም እየተባለ የሚጠራው የአእምሮ ዕድገት ልዩነት ያለባቸው ልጆች፣ እንዲሁም ሐሳባቸው ቶሎ የሚበተንና መቅበጥበጥ የሚበዛባቸው ልጆች፣ በከተማም ሆነ በገጠር ከዚህ ፍርድ አላመለጡም። እ.ኤ.አ. በ2002 ወይዘሮ ዘሚ የኑስ በአዲስ አበባ የኦቲዝም ማዕከል ከፍተው ነገሩን በአደባባይ ማስረዳት ከጀመሩ ወዲህ አስተሳሰቡ እየተለወጠ ቢመጣም፣ ጥያቄው ግን ገና አልተዘጋም። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በውጭው ዓለም ለእንደነዚህ ያሉ ልጆች ከተሞከሩት መንገዶች አንዱ ፈረስ ነው። መንገዱ እንዲስፋፋ ምክንያት ከሆኑት ሰዎች መካከል ዴንማርካዊቷ ፈረስ ጋላቢ ሊስ ሃርቴል ትገኛለች። በ1944 በፖሊዮ ተይዛ ከጉልበትዋ በታች ሽባ ሆና ሳለ፣ በሰው ድጋፍ ኮርቻ ላይ እየወጣች በ1952 በሄልሲንኪ ኦሊምፒክ የብር ሜዳይ ለማግኘት በቃች። ከዚያ ወዲህ አካለ ስንኩላንን በፈረስ የሚረዱ ድርጅቶች በአውሮፓና በአሜሪካ ተበራከቱ፤ ቆይቶም ኦቲዝም ያለባቸው ልጆች የዚሁ ተካፋይ ሆኑ። በ2015 በአሜሪካ የታተመ አንድ ጥናት ከ6 እስከ 16 ዓመት የሆናቸውን ከመቶ በላይ ልጆች በሁለት ወገን ከፍሎ፣ አንዱ ወገን ለ10 ሳምንት እንዲጋልብ፣ ሌላው ግን ፈረስ ሳይነካ ስለ ፈረስ እንዲማር አደረገ። የጋለቡት ልጆች ብስጭታቸውና መቅበጥበጣቸው ቀንሶ፣ የሚናገሩት ቃል መጨመሩን ጥናቱ አስታውቋል። ትኩረት ማጣትን በሚመለከት የተገኘው ማስረጃ ገና ያነሰ ነው፤ ፈረስም መድኃኒት ነው ሊባል አይችልም።

የነገሩ አሠራር ለመሐንዲስ እንግዳ አይደለም። ፈረስ በርምጃ ሲሄድ የተቀመጠበትን ሰው ወገብ በደቂቃ መቶ ያህል ጊዜ ወደ ፊትና ወደ ኋላ፣ ወደ ግራና ወደ ቀኝ፣ ወደ ላይና ወደ ታች ያንቀሳቅሳል። ይህም ሰው በገዛ እግሩ ሲራመድ ወገቡ ከሚያደርገው እንቅስቃሴ ጋር ይመሳሰላል። ከዚህ የሚበልጠው ጉዳይ ግን ምላሽ ነው። ልጁ ዛቡን ሲስብ ፈረሱ ይቆማል፤ ሲያላላ ይራመዳል። ለሠራው ሥራ መልሱን የሚያገኘው ወዲያውኑና ያለ ቁጣ ነው። የሰው ፊት ማንበብ የሚከብደው ልጅ፣ አንዱ ሲጠይቅ ሌላው መመለስ እንዳለበት ከዚህ እንስሳ ጋር ይለማመዳል።

ትምህርት የሚጀመረው ተማሪው ፈጣን ምላሽ በሚያገኝበትና በሚያውቀው በር በኩል ነው የሚለው ይህ ሐሳብ ለወለጋ ምድር አዲስ አይደለም። ከመቶ ዓመት በፊት ይህንኑ ሐሳብ በፈረስ ሳይሆን በእንቆቅልሽና በተረት በሥራ ላይ ያዋሉ መምህርት በነቀምቴ ነበሩ። እኚህም አስቴር ጋኖ ናቸው።

አስቴር ጋኖ የተወለዱት በ1872 ገደማ ሲሆን፣ ሲወለዱ ነፃ ሰው ነበሩ። ኋላ ግን የሊሙ እናርያ ንጉሥ ባሪያ አደረጋቸው፤ ከዚያም ለሽያጭ ተነዱ። የባሪያ ንግድ መንገድ በዚያን ዘመን ከምዕራቡና ከደቡብ ምዕራቡ አገር ተነሥቶ እስከ ባሕር ዳርቻ የሚዘልቅ፣ ብዙ ሕፃናትም የቀሩበት መንገድ ነበር። አስቴር ይህን ሁሉ አልፈው በጀልባ ተጭነው ወደ ዐረብ አገር ሲወሰዱ፣ በ1886 የጣልያን መርከቦች ጀልባውን ባሕር ላይ ያዙት። ዕድሜያቸው በዚያን ጊዜ አሥራ አራት ዓመት ግድም ነበር። ነፃ ከወጡ በኋላ በምጽዋ አቅራቢያ በእምኩሉ ለነበረው የስዊድን ወንጌላዊ ሚሲዮን ትምህርት ቤት ተሰጡ።

የእምኩሉ ትምህርት ቤት በተለይ ሊታሰብ የሚገባው ቦታ ነው። ከተማሪዎቹ ብዙዎቹ ከባርነት የወጡ ልጆች ነበሩ። ከእናት አባታቸው የተነጠቁ፣ ከአንድ ነጋዴ ወደ ሌላው የተላለፉ፣ በየደረሱበት የማያውቁት ቋንቋ ይነገርባቸው የነበሩ ናቸው። እንደዚህ ያለ ልጅ ዝም ቢል፣ ቢደነግጥ ወይም ሐሳቡ ቢበተን የሚያስደንቅ አይሆንም። በገበያ ላይ በዋጋ ሲገመት የቆየ ልጅ ምን ዓይነት አእምሮ እንዳለው ለማወቅ፣ መጀመሪያ በሚያውቀው ቋንቋ የሚያነጋግረው ሰው ማግኘት ነበረበት።

አስቴር ይህን ሰው ያገኙት በኦኔሲሞስ ነሲብ ነው። ኦኔሲሞስ በኢሉባቦር በሑሩሙ አካባቢ የተወለዱ፣ ገና ልጅ ሳሉ ተፈንግለው የተሸጡ፣ በ1870 ምጽዋ ላይ በቬርነር ሙንትሲንገር አማካይነት ነፃ ወጥተው ለሚሲዮኑ የተሰጡ ሰው ነበሩ። የልጅነት ስማቸው ሒካ ሲሆን፣ ትርጉሙም ተርጓሚ እንደ ማለት ነው። በስዊድን አገር አምስት ዓመት ተምረው ከተመለሱ በኋላ ወደ ትውልድ አገራቸው ለመድረስ ደጋግመው ሞክረው ስላልተሳካላቸው፣ በእምኩሉ ተቀምጠው መጻሕፍትን ወደ ኦሮምኛ ለመመለስ ቈረጡ። ነገር ግን ቋንቋውን ከሚናገረው ሕዝብ በልጅነታቸው ስለ ተለዩ፣ የቃላቱን ሙሉ ሀብት በጆሮው የያዘ ረዳት አስፈለጋቸው። አዲሷን ተማሪ ሲያገኙም የማሰብ ችሎታቸው ከፍ ያለ፣ ለኦሮምኛም ልዩ ስሜት ያላቸው መሆኑን ቶሎ ተገነዘቡ።

ለአስቴር የተሰጠው የመጀመሪያ ከባድ ሥራ የኦሮምኛ መዝገበ ቃላት ማዘጋጀት ነበር። ይህ መዝገብ በ1893 ለታተመው የኦሮምኛ አዲስ ኪዳን ትርጉም ማቃኛ ሆነ። የመጽሐፍ ቅዱስ ታሪኮችን የያዘ መጽሐፍም ተረጐሙ። ከዚህ ጋር 500 ያህል የኦሮሞ እንቆቅልሾችን፣ ተረቶችን፣ ምሳሌያዊ አነጋገሮችንና ዘፈኖችን ሰብስበው ጻፉ። ከእነዚህም ብዙዎቹ በ1894 በእምኩሉ በሚሲዮኑ ማተሚያ ቤት በፊደል ታትሞ በወጣው የጀማሪዎች ማንበቢያ መጽሐፍ ውስጥ ገቡ። አስቴር በዚያን ጊዜ ሃያ ሁለት ዓመት ያህል ሆኗቸው ነበር።

የዚህ ማንበቢያ አሠራር ከይዘቱ ባላነሰ መታየት አለበት። በዚያን ዘመን በአገራችን የንባብ ትምህርት በቃል በሚጠና የግእዝ ንባብ ይጀመር ነበር፤ ልጁ የሚያነበውን ነገር ትርጉም የሚያውቀው ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው። በአስቴርና በኦኔሲሞስ መጽሐፍ ግን ልጁ ፊደሉን ፈትቶ ሲጨርስ የሚያገኘው ነገር ቀድሞ በእሳት ዳር ከአያቱ የሰማውን ተረት ነው። ያነበበው ትክክል መሆኑን መምህሩ ከመንገሩ በፊት ራሱ ያውቀዋል፤ ምክንያቱም የተረቱን መጨረሻ በቃሉ ይዞታል። እንቆቅልሽም ከዚህ ይልቃል። ጠያቂና መላሽ ይፈልጋል፤ ተራ መጠበቅን ያስተምራል፤ መልሱ ቢጠፋም አገር መስጠት እንጂ በትር መቅመስ የለም። ዝም ያለ ልጅ እንኳን እንቆቅልሽ ሲጠየቅ አፉን መክፈቱ አይቀርም። ፈረሱ ለጋላቢው ልጅ ወዲያው የሚሰጠውን ምላሽ፣ ይህ መጽሐፍ ለአንባቢው ልጅ ይሰጥ ነበር ማለት ይቻላል።

ከማንበቢያው ቀጥሎ የመጣው ሥራ እጅግ የከበደው ነበር። መላው መጽሐፍ ቅዱስ በኦሮምኛ ተተርጉሞ በ1899 በስዊስ አገር በባዝል አቅራቢያ በቅዱስ ክሪሾና ታተመ። በመጽሐፉ ላይ የታወቀው የኦኔሲሞስ ነሲብ ስም ነው። የሚሲዮኑን ታሪክ የመረመሩት ስዊድናዊው ጉስታፍ አሬን ግን ትርጉሙን ኦኔሲሞስና አስቴር ጋኖ አብረው እንደ ፈጸሙት ገልጸዋል። ይህ የኦኔሲሞስን ክብር የሚቀንስ ነገር አይደለም፤ የረዳታቸውን ችሎታ መጀመሪያ ያወቁት እርሳቸው ናቸውና። ሆኖም በገበያ በዋጋ የተገመቱት ልጅ ሃያ ሰባት ዓመት ሳይሞላቸው ይህን ያህል ሥራ ከፈጸሙ በኋላም፣ ስማቸው ከመጽሐፉ ሽፋን ውጭ መቅረቱ መታወቅ ይገባዋል። ከሰበሰቡት ሥነ ቃል ውስጥም ያልታተመው ብዙ ነው።

ወደ ወለጋ የሚወስደው በር የተከፈተው ቀስ በቀስ ነበር። በ1898 ከእምኩሉ ወገን የሆኑት ገብረ ኤዎስጣቴዎስ ቦጂ ደርሰው ማስተማር ጀምረው ነበር፤ እርሳቸው በ1905 በዚያው በቦጂ በደረሰ የእሳት አደጋ ሕይወታቸው አለፈ። ኦኔሲሞስ፣ አስቴርና ሌሎች የኦሮሞ ተወላጆች ከኤርትራ ተነሥተው ወለጋ የገቡት በ1904 ነው። የነቀምቴ ገዥ ደጃዝማች ገብረ እግዚአብሔር፣ በቀድሞ ስማቸው ኩምሳ ሞረዳ፣ መልካም አቀባበል አደረጉላቸው። በዚህ ሁኔታ አስቴር በነቀምቴ መምህርት ሆኑ። ከእርሳቸው ጋር ከሠሩት ሴቶች አንዷ ፌበን ሂርጴ ነበሩ።

ሴት ልጅ ትምህርት ቤት ገብታ መማር እምብዛም ባልታየበት ዘመን፣ ሴት መምህርት በልጆች ፊት መቆማቸው ብቻውን ትልቅ ትምህርት ነበር። ከእምኩሉ ተሸክመው የመጡት ማንበቢያም የተሰበሰበለትን ሕዝብ ልጆች አገኘ። ባሕር ዳር ላይ በስደተኛ ልጆች ትዝታ የተጻፈው ተረት በተወለደበት አገር ተነበበ።

ሥራው ግን ያለ ችግር አልሄደም። በ1906 ኦኔሲሞስ በስብከታቸው ምክንያት ተከሰው አዲስ አበባ ቀረቡ። ዳግማዊ ምኒልክ ወደ ነቀምቴ እንዲመለሱ ቢፈቅዱላቸውም፣ በአደባባይ እንዳይሰብኩ ተከለከሉ። ፈቃድ ያገኙት ከአሥር ዓመት በኋላ በ1916 በልጅ ኢያሱ ዘመን ነው። ኦኔሲሞስ በ1931 በነቀምቴ ዐረፉ። አስቴር ከእርሳቸው በኋላ ከሠላሳ ዓመት በላይ ኖረው፣ ከ1936 እስከ 1941 የቆየውን የጣልያን ወረራ አልፈው፣ ዘጠና ዓመት ግድም ሲሆናቸው በ1964 ከዚህ ዓለም ተለዩ። ሲወለዱ በወለጋ በኦሮምኛ የሚነበብ መጽሐፍ አልነበረም፤ ሲሞቱ ግን ልጅ በአፍ መፍቻ ቋንቋው ማንበብን መማር እንደሚችል በሥራ ተረጋግጦ ነበር።

የእኚህ መምህርት ሕይወት ለዛሬው ጥያቄ የሚሰጠው ጥቅም ግልጽ ነው። አስቴር ጋኖ ልጆቹን መጽሐፉ እንዲመስሉ አላስገደዱም፤ መጽሐፉን በልጆቹ ልክ ሠሩት። በኦቲዝም ወይም በትኩረት ማጣት ምክንያት ከክፍል የቀረ ልጅ የሚያስፈልገው ይኸው ነው፤ ይኸውም ለእርሱ የሚሆን በር። ለአንዱ ሥዕል፣ ለአንዱ ዜማ፣ ለአንዱ ደግሞ ፈረስ ሊሆን ይችላል። መሪዎች በፈረሳቸው ስም አባ ታጠቅ፣ አባ ዳኘው እየተባሉ በተጠሩበት አገር፣ ፈረስ ለልጅ ባዕድ ነገር አይደለም። በነቀምቴ ዙሪያም ሆነ በቦጂ፣ በነጆና በጊምቢ ገጠር፣ ልጅ ከፊደል በፊት ኮቴውን በድምፁ ለይቶ ያውቀዋል።

እንዲህ ያለውን ሥራ ለመሞከር የሚያስፈልገው መሣሪያም ከአገር አቅም በላይ አይደለም። የሚፈለገው ጠባዩ የተፈተነ ጭምት ፈረስ፣ አጥር ያለው ለስላሳ ሜዳ፣ መያዣ የተበጀለት ኮርቻ፣ የራስ ቁር፣ ልጁ ሳይንጠለጠል የሚወጣበት ተዳፋት መወጣጫ ነው። ፈረሱን የሚመራ አንድ ሰው፣ ልጁን ከግራና ከቀኝ የሚደግፉ ሁለት ሰዎችም ያስፈልጋሉ። ከሁሉ በላይ ደግሞ የልጁን ሁኔታ የሚያውቅ ባለሙያ ሳይኖር መጀመር አይገባም። መወጣጫውን፣ አጥሩንና ኮርቻውን መንደፍ የመሐንዲስና የእጅ ሙያተኛ ድርሻ ነው፤ የቀረውን ሐኪሙና መምህሩ ይወጡታል።

በየቤቱ የተደበቁት ልጆች ምን ያህል ችሎታ እንዳላቸው አስቀድሞ ሊያውቅ የሚችል ሰው የለም። በ1886 ከዚያ ጀልባ ላይ የወረዱትን የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ያየ ማንም ሰው፣ ወደፊት የአንድ ሕዝብ የመጀመሪያ ማንበቢያ አዘጋጅ እንደሚሆኑ ሊገምት አይችልም ነበር። ይህ የታወቀው በሚገባቸው ቋንቋ የሚያነጋግራቸው ሰው ከተገኘ በኋላ ነው።