የሚካኢል ጽቬት የሕይወት ታሪክ

እኛ የሳይንስ ተማሪዎች በላቦራቶሪ ውስጥ የቅጠል ጭማቂ በወረቀት ላይ አንጠባጥበን አረንጓዴው ከቢጫው ሲለይ ባየን ጊዜ፥ ውጤቱን በደብተራችን ጽፈን ወደ ምሳ እንሮጣለን እንጂ ይህን ነገር አስቀድሞ ያሰበው ማን ነው ብለን አንጠይቅም። ስለዚህ ዛሬ የክሮማቶግራፊን አባት የሚካኢል ጽቬትን ታሪክ ለጓደኞቻችን ልናቀርብ ወደድን። ዘመኑን የምንጽፈው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው።

ጽቬት በ1872 ዓ.ም. በኢጣልያ አገር አስቲ በምትባል ከተማ ተወለደ። አባቱ የሩስያ ሰው፥ እናቱ ኢጣልያዊት ነበሩ። እናቱ እሱን ከወለዱ በኋላ ብዙ ሳይቆዩ ስለ ሞቱ ልጁ ያደገው በስዊስ አገር ነው። ትምህርቱን በጄኔቫ ዩኒቨርሲቲ ፈጽሞ በ1896 የዶክተርነት ማዕርግ ተቀበለና በዚያው ዓመት ወደ አባቱ አገር ሄደ። እዚያ የጠበቀው ግን ሌላ ነገር ነው። በሩስያ የጄኔቫው ዲግሪ ስላልታወቀለት ዶክተሩ እንደ ገና ተፈታኝ ሆነ። በ1901 በካዛን የማስተር ማዕርግ አገኘ፤ የሩስያን ዶክተርነት ያገኘው ግን በ1910 በዋርሶ ነው። ከመጀመሪያው ዶክተርነት እስከ ሁለተኛው 14 ዓመት መሆኑ ነው። ባሕር ማዶ ተምረው የሚመለሱ ወንድሞቻችን ይህን ሲያነቡ ፈገግ ሳይሉ አይቀሩም።

በ1902 በዚያን ጊዜ በሩስያ ግዛት ሥር በነበረችው በዋርሶ በዩኒቨርሲቲው ሥራ ያዘ። የሚመረምረውም የቅጠልን ቀለም ነበር። ገለባን ከፍሬ በሰፌድ መለየት ይቻላል፤ በአንድ ፈሳሽ ውስጥ ሟምተው የተቀላቀሉትን ቀለማት ግን በምን ሰፌድ ያበጥሯቸዋል? የጊዜው ኬሚስቶች በአሲድና በአልካሊ እያስጨነቁ ይለዩአቸው ነበር፤ እንዲህ ሲሆን ቀለሙ ራሱ ይለወጣል። ጽቬት አንድ ትንሽ ነገር አስተዋለ። ክሎሮፊል ከቅጠል ከወጣ በኋላ በፔትሮሊየም ኤተር በቀላሉ ይሟሟል፤ በቅጠሉ ውስጥ ሳለ ግን ያው ፈሳሽ ሊያወጣው አይችልም፤ የሚያወጣው ካሮቲን የተባለውን ቢጫ ቀለም ብቻ ነው። ጥቂት አልኮል ሲጨመርበት ግን ሁሉም ይወጣል። እንግዲህ ክሎሮፊሉ የቀረው መሟሟት አቅቶት ሳይሆን የቅጠሉ አካል አጣብቆ ስለ ያዘው ነው ሲል ደመደመ። አንዱ ቀለም አጥብቆ፥ ሌላው ላልቶ የሚጣበቅ ከሆነ ይኸው ልዩነት መለያ ሊሆን ነው።

ከመቶ የሚበልጡ ዱቄቶችን ፈተነ። ብዙ የሠራበት ካልሲየም ካርቦኔት ነው፤ ይኸውም የጠመኔ ዘር መሆኑ ነው። ዱቄቱን በጠባብ የብርጭቆ ቱቦ ውስጥ ጠቅጥቆ የቅጠሉን ጭማቂ ከላይ አፈሰሰበት፤ ቀጥሎም ንጹሕ ፈሳሽ አስከተለ። ካሮቲን ሳይያዝ ቀድሞ ወረደ። የቀሩት ቢጫዎችና አረንጓዴዎች በነጩ ዱቄት ላይ እንደ ነጠላ ጥለት በየመስመራቸው ተሰለፉ። አረንጓዴውም ሁለት ዓይነት ሆኖ ተገኘ። ከዚያ በኋላ ዱቄቱን ከቱቦው ገፍቶ አውጥቶ በቢላዋ እየቆረጠ እያንዳንዱን ቀለም ለብቻው አጠበ። ሥራው ይኸው ነው፤ ቱቦ፥ ዱቄትና ቢላዋ።

ይህን አሳብ ለመጀመሪያ ጊዜ የተናገረው መጋቢት 21 ቀን 1903 በዋርሶ የተፈጥሮ ተመራማሪዎች ማኅበር ፊት ነው። በሩስያ አቆጣጠር ግን መጋቢት 8 ነበረ፤ የራሳችን አቆጣጠር ላለን ለእኛ ይህ አያስደንቅም። ንግግሩ በመስኮብኛ ስለ ታተመ ከሩስያ ውጭ ያነበበው ሰው ጥቂት ነው። በ1906 በጀርመን የዕፀዋት ማኅበር መጽሔት ሁለት ጽሑፎች አውጥቶ ሥራውን ክሮማቶግራፊ ብሎ ሰየመው፤ በግሪክ ቋንቋ የቀለም ጽሕፈት ማለት ነው። ጽቬት የሚለው የአባቱ ስምም በመስኮብኛ ቀለም ማለት ነው። ስሙን በዘዴ አስገብቶት ይሆን? እኛ እንጠረጥራለን።

ኬሚስቶቹ ግን አልተቀበሉትም። ታላቁ የጀርመን ኬሚስት ሪካርድ ዊልሽቴተር ዘዴውን አይቶ፥ ክሎሮፊል በዱቄቱ ላይ ይለወጣል ብሎ ናቀው። ኃይለኛ ዱቄት ክሎሮፊልን እንደሚያበላሽ ግን ጽቬት ራሱ አስቀድሞ አስጠንቅቆ ነበር። ዊልሽቴተር በሌላ መንገድ ደክሞ ስለ ዕፀዋት ቀለም በ1915 የኖቤል ሽልማት ተቀበለ፤ ሽልማቱ የሚገባው እንደ ሆነ አንክድም። ነገር ግን የእሱ ቃል ክብደት ስለ ነበረው፥ አንድ የዕፀዋት መምህር ያቀረበውን ማን ደግሞ ይፈትነዋል?

በዚያው በ1915 ጀርመኖች ወደ ዋርሶ ሲቀርቡ ጽቬት ወደ ሞስኮ፥ ቀጥሎም ወደ ኒዥኒ ኖቭጎሮድ ተሰደደ። በ1917 በዩርዬቭ፥ ዛሬ በኢስቶንያ ታርቱ በምትባለው ከተማ፥ ፕሮፌሰር ሆነ፤ በማግሥቱ ዓመት ጀርመኖች እዚያም ገቡ። ከዩኒቨርሲቲው ጋር ወደ ቮሮኔዥ ሄዶ ሰኔ 26 ቀን 1919 በ47 ዓመቱ ሞተ። በ1918 አንድ የሆላንድ ፕሮፌሰር ለኖቤል ሽልማት ጠቁሞት ነበር፤ አላገኘም።

በ1931 በሃይድልበርግ ሪካርድ ኩን፥ ሌደረርና ዊንተርሽታይን የካሮቲንን ዓይነቶች በዱቄት ቱቦ ለዩ። ሌደረር ዘዴውን ያገኘው ከጽቬት የ1910 መጽሐፍ የጀርመንኛ ትርጕም ነው፤ ትርጕሙም ቀድሞ ለዊልሽቴተር የተዘጋጀ ነበር። ኩንም የዊልሽቴተር ተማሪ ነበር። የናቀው ሰው እጅ ራሱ አሻገረው።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ፈጠነ። ማርቲንና ሲንጅ ስለ ክሮማቶግራፊ በ1952 ኖቤል ተሸለሙ። በዚያው ዓመት ጄምስና ማርቲን ፈሳሹን በጋዝ የተካውን ዓይነት አሳተሙ። ስለ ጋዝ ክሮማቶግራፊም በ1956 በሎንዶን ታላቅ ጉባኤ ተደረገ። ከዚያ በየሁለት ዓመቱ ቀጠለ፤ በ1958 በአምስተርዳም፥ በ1960 በኤዲንበርግ፥ በ1962 በሃምቡርግ። በአምስተርዳም ጎሌይ ዱቄት የሌለበትን ቀጭን ቱቦ አቀረበ፤ እንግዲህ ጠመኔውም ቀረ ማለት ነው። ጉባኤው ኋላ የክሮማቶግራፊን ዓይነት ሁሉ ይዞ በ2024 በሊቨርፑል ተሰብስቧል። በ1974 ደግሞ በጽቬት ስም የሚሰጥ ሜዳይ ተቋቋመ።

በቮሮኔዥ መታሰቢያ ድንጋይ የቆመለት በ1992 ነው፤ ከሞተ ከ73 ዓመት በኋላ።