የዐፄ ምኒልክ የመጨረሻ ዓመታት

ከስድስት ኪሎ ወደ አራዳ በወረድን ቍጥር ዐፄ ምኒልክን በጊዮርጊስ አጠገብ በፈረስ ላይ ተቀምጠው እናገኛቸዋለን። ሐውልቱ የተመረቀው ጥቅምት 22 ቀን 1923 ዓ.ም.፣ በዐፄ ኃይለ ሥላሴ የዘውድ በዓል ዋዜማ ነው። ፈረሱ የፊት እግሮቹን አንሥቶ ሲያይ፣ ፈረሰኛው የመጨረሻ አራት ዓመታቸውን በሕመም ታስረው እንዳሳለፉ የሚያስብ መንገደኛ ጥቂት ነው። ስለዚሁ ዘመን ልንጽፍ ወደድን።

ምኒልክ ነሐሴ 12 ቀን 1836 ዓ.ም. ተወለዱ። በመቅደላ በዐፄ ቴዎድሮስ እጅ አድገው፣ በ1857 ዓ.ም. አምልጠው ሸዋ ገቡ፤ በ1882 ዓ.ም. ነገሡ፤ በ1888 ዓ.ም. ዓድዋ ላይ ድል አደረጉ። ይህን ሁሉም ያውቀዋልና አናስረዝመው።

ከድሉ ዐሥር ዓመት ያህል በኋላ ግን ዛሬ ስትሮክ የምንለው ሕመም ይመላለስባቸው ጀመር። የውጭ አገር ሐኪሞች መረመሯቸው፤ ወደ ደብረ ሊባኖስም ተጓዙ። አደጋውን ራሳቸው የተረዱት ይመስለናል፤ በ1900 ዓ.ም. ሚኒስትሮችን ሾሙ፤ በ1901 ዓ.ም. የልጃቸውን ልጅ ልጅ ኢያሱን ወራሽ አደረጉ። በጥቅምት 1902 ዓ.ም. የመጣው ምት ግን አካላቸውን ሽባ አድርጎ አንደበታቸውን ዘጋ። አማርኛችን መኝታውንም መንግሥቱንም አልጋ ይላል፤ ንጉሡ በአንደኛው ላይ ተኝተው ሳሉ መኳንንቱ ሌላኛውን ይሻሙ ነበር። እቴጌ ጣይቱ ጥቂት ወራት አገር ከመሩ በኋላ በመጋቢት ተገለሉ፤ እንደራሴው ራስ ቢትወደድ ተሰማም በ1903 ዓ.ም. ሞቱ።

ዛሬ ቢሆንስ? ሕክምና የሚማሩ ጓደኞቻችን ስለ ማቀዝቀዝ አጫወቱን። አንጎል ከምንተነፍሰው ኦክስጅን አንድ አምስተኛውን ያህል ይወስዳል፤ ደም ሲቋረጥበት በደቂቃዎች ይጎዳል። ሰውነት ከ37 ዲግሪ ወደ 33 ግድም ሲወርድ ግን ፍላጎቱ በየዲግሪው ከመቶ 6 ወይም 7 እጅ ይቀንሳል። ሲወለዱ ለታፈኑ ሕፃናት ይህ ለ72 ሰዓት ተደርጎ በበለጸጉ አገሮች ጠቅሟል። በሕንድ፣ በስሪላንካና በባንግላዴሽ ተሞክሮ፣ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2021 በወጣው ውጤት ግን የቀዘቀዙት ይልቁን በብዛት ሞቱ። ለስትሮክማ ጥቅሙ ገና አልተረጋገጠም፤ ሐኪሞች የሚተጉት ትኩሳት እንዳይነሣ ነው። የጠበል ቅዝቃዜ ይበቃ ነበር የሚል ወዳጅ አለን፤ አላመንነውም፤ የበረደው ሰው ተንቀጥቅጦ ሙቀቱን መልሶ ያመርታልና።

ምኒልክ ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. ዐረፉ። ዕረፍታቸው ለሕዝብ አልታወጀም፤ አገሩ በሹክሹክታ ሰማው። አስከሬናቸው ዛሬ በበአታ ለማርያም ይገኛል።