የልዑል ዓለማየሁን ፎቶ ማን ይያዝለት?

ያደግሁት ከሊማሊሞ ቁልቁለት በታች፣ ዛሪማ ነው። በእኛ አካባቢ ሰው ሲሞት ለቅሶው ላይ ቶሎ የሚፈለገው ፎቶው ነው። ከግድግዳ ይወርዳል፣ አቧራው በነጠላ ጫፍ ይጠረጋል፣ ከዚያ እህት ወይ እናት ደረቷ ላይ አቅፋው ታለቅሳለች። ከእጅ ወደ እጅ ያልፋል፤ ይሳማል። ክፍል ውስጥ ፎቶግራፍን ስለሚያጥፉ፣ ስለሚቆርጡና ስለሚሰፉ የዘመናችን ሠዓሊያን ስንማር ብዙም አልገረመኝም። ፎቶ ክብደትና ጀርባ ያለው ዕቃ መሆኑን ከለቅሶ ቤት አውቀዋለሁ። በዚህ ዓይን የአንድ ሰው ሕይወት ልጻፍ ብዬ ሳስብ የመጣልኝ ልዑል ዓለማየሁ ነው። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሰው ሁሉ የቴዎድሮስ ልጅ ይለዋል፤ ልክ ነው። ግን የስሜንም የልጅ ልጅ ነው። እናቱ እቴጌ ጥሩወርቅ የስሜኑ ገዥ የደጃዝማች ውቤ ልጅ ናቸው። አፄ ቴዎድሮስ ውቤን ድል ነስተው ደረስጌ ማርያም የነገሡት በ1855 ነው፤ በኋላ የእስረኛቸውን ልጅ አገቡ። ዓለማየሁ በ1861 ተወለደ። ሰባት ዓመት ሊሞላው ጥቂት ቀናት ሲቀሩት አባቱ መቅደላ ላይ ራሳቸውን ገደሉ። እናቱም ከእንግሊዝ ጦር ጋር ወደ ባሕር ሲወርዱ መንገድ ላይ አርፈው ጨለቆት ተቀበሩ። ልጁን እኛ ባሻ ፈለቀ የምንለው ካፒቴን ስፒዲ እንግሊዝ ይዞት ገባ።

በዚያው በ1868 ክረምት፣ ዋይት በተባለችው ደሴት፣ ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን ፎቶ አነሳችው። አሠራሩ ላይ ትንሽ ልቆይ። ትልቅ መስታወት ኬሚካል ይቀባል፤ ሳይደርቅ ካሜራው ውስጥ ይገባል፤ ብርሃኑ እስኪበቃ ልጁ ሳይነቃነቅ መቀመጥ አለበት። ከዚያ በእንቁላል ነጭና በብር ጨው የተዘጋጀ ወረቀት መስታወቱ ላይ ተለጥፎ ፀሐይ ላይ ይወጣል። ምስሉ ከመስታወቱ እኩል የሚሆነው ሁለቱ ስለሚነካኩ ነው። እኔን የያዘኝ ይሄ ነው፦ ወረቀቱ የነካው መስታወት፣ ከልጁ ጥቂት እርምጃ ርቆ፣ እሱን የነካውን ብርሃን ተቀብሏል። ካርቶን ላይ የተለጠፉ ትንንሽ ፎቶዎቹም ነበሩ፤ የማያውቁት ሰዎች በአልበማቸው ይዘውታል። የእናቱ ዘመዶች ግን አንዱን እንኳ ይዘው ማልቀሳቸውን አላውቅም።

የቀረው አጭር ነው። ሕንድ ሄደ፣ ተመለሰ፤ ቸልተንሃም፣ ራግቢ፣ ሳንድኸርስት ተማረ። ኅዳር 14 ቀን 1879 ሊድስ ላይ በ18 ዓመቱ ሞተ፤ ዊንዘር ተቀበረ። የአባቱ ፀጉር በ2019፣ የእሱም ቁራጭ ፀጉር በ2023 ለኢትዮጵያ ተመልሷል። አስከሬኑን ግን የእንግሊዝ ቤተ መንግሥት በዚያው ዓመት ከለከለ፤ የሌሎች ሟቾች አጽም ይነካል በሚል። ምክንያቱ እውነት ሊሆን ይችላል፤ እኔን ግን አላሳመነኝም።

ባለፈው እረፍት የካሜሮንን ፎቶ አሳትሜ ለአያቴ ወሰድኩላት። የማን ልጅ እንደሆነ ጠየቀችኝ፤ የውቤ የልጅ ልጅ ነው አልኳት። በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችው፤ አዲስ ስለሆነ አቧራ እንኳ አልነበረውም። አገላብጣ ጀርባውን አየችና ምንም አለመጻፉ ገረማት። ከዚያ ደረቷ ላይ አስጠግታ ያዘችው፤ እኔም ቡናው እስኪፈላ ዝም ብዬ ተቀመጥኩ።